ማስረጃ የማይፈታው እምነት

ከእውነታ የተፋታ እምነት የሚባለው ማስረጃ የማይነቀንቀው፣ ባለቤቱ ያለ አንዳች ጥርጥር የያዘውና አብሮት የሚኖረው ሰው የማይጋራው እምነት ነው። ጀርመናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሦስት መለያዎች አስቀምጦለታል፦ ከልክ ያለፈ እርግጠኝነት፣ በልምድም ሆነ በክርክር አለመታረም፣ ይዘቱም ሊሆን የማይችል መሆኑ። ሦስተኛው መለያ ሁልጊዜ አይሠራም። ሚስቴ ትወሰልታለች ብሎ የሚብከነከን ሰው እንዳጋጣሚ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ነገሩን ሕመም የሚያሰኘው እዚያ የደረሰበት መንገድ ነው፤ መጋረጃው እስከ ግማሽ መከፈቱን ብቻ አይቶ ለውሽማ የተሰጠ ምልክት ነው ያለ ሰው፣ ሚስቱ በእርግጥ ብትወሰልት እንኳ፣ ያወቀው ነገር የለም። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ሁለተኛው መለያ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ምላሽ፣ ማለትም ማስረዳት፣ እንደማይሠራ አስቀድሞ ይናገራል።

አብሮት የሚኖረው ሰው የማይጋራው መሆኑ በኢትዮጵያ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡዳ ይበላል፣ መተት ይሠራል፣ ዛር ይሰፍራል ብሎ ማመን ብቻውን የአእምሮ ሕመም ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ይጋራዋልና። ጥሩው መለኪያ የሐኪሙ እምነት ሳይሆን የባለ እምነቶቹ ፍርድ ነው። በመተት የሚያምኑት ጎረቤቶች ራሳቸው "ይሄስ ሌላ ነገር ነው" ካሉ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሥራ መተውና ከሰው መሸሽም ከታከለበት፣ ነገሩ ወደ ሕመም አዘንብሏል።

ኦሲዲ በሚባለው ሕመም የሚመጣው አስጨናቂ ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነው። እጄ አልጠራም፣ በሩ አልተቆለፈም፣ ሕፃኑን በቢላ ብወጋውስ፣ በቅዳሴ መካከል በአእምሮዬ ስድብ መጣብኝ። ታማሚው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡ ከራሱ አእምሮ የመነጨና ከልክ ያለፈ መሆኑን ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያሳርፈውም። ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ደ ሲልቫ በ1978 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለ ድንገተኛና የሚያስጠላ ሐሳብ በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ላይም ይመጣል፤ ጤነኛው "ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!" ብሎ ያልፈዋል፣ ታማሚው ከሐሳቡ ጋር ይታገላል። አንዱን የሚያሰቃየው እርግጠኝነት ነው፣ ሌላውን ጥርጣሬ። ሁለቱ የሚገናኙት ችግራቸው የመረጃ እጥረት ባለመሆኑ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ዘንድ ለሚቀርበው ሐሳብ መልስ መስጠት ከንቱ ድካም ነው፤ መልስ የሚፈልገው ከሐሳቡ ሥር ያለው ጭንቀት ነው።

ከእውነታ በተፋታ እምነት ላይ ማስረጃ ለምን እንደማይሠራ ሺቲጅ ካፑር የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2003 ያቀረበው ማብራሪያ ብዙ ተቀባይነት አግኝቷል። ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር አንድን ነገር "ይህ ይመለከትሃል፣ ልብ በል" የሚያሰኝ ምልክት ይሰጣል። ሥርዓቱ ሲዛባ ምልክቱ በማይገባው ነገር ላይ ይለጠፋል፦ በመንገደኛ ሳል፣ በመኪና ታርጋ፣ በሬዲዮ ዜና። ሰውየው ለቀናት ወይም ለሳምንታት አንዳች ነገር እየተካሄደ እንደሆነ ይሰማዋል፣ ምንነቱን ግን አያውቅም። በመጨረሻ "እየተከታተሉኝ ነው" የሚለው ሐሳብ ሲመጣ የተበታተነው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። እምነቱ ለእሱ መልስ ነው፤ ያንን መልስ መንጠቅ ወደዚያ ስም የለሽ ፍርሃት ተመለስ ማለት ነው። ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚሁ የዶፓሚን ሥርዓት ላይ ነው፤ እምነቱን አይነቅሉም፣ ሙቀቱን ያበርዱታል።

ክርክርም ሆነ ማስመሰል የት እንደሚያደርስ ያሳየ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። ሚልተን ሮኪች የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1959፣ በሚሺገን ግዛት በይፕሲላንቲ የአእምሮ ሆስፒታል፣ እያንዳንዳቸው "ክርስቶስ እኔ ነኝ" የሚሉ ሦስት ታማሚዎች አብረው እንዲኖሩ አደረገ። ክርስቶስ አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ቢያንስ አንዱ ራሱን ይጠራጠራል ብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ተጨቃጨቁ፣ እስከ መደባደብም ደረሱ፤ የተጠራጠረ ግን አልተገኘም። አንደኛው ሁለቱ ባልንጀሮቹ የሞቱ ሰዎች ናቸው፣ የሚናገረው በውስጣቸው ያለ ማሽን ነው አለ። ሌላው ደግሞ እነዚህ የአእምሮ ሆስፒታል ታማሚዎች ናቸው ሲል ደመደመ፤ ስለ ሁለቱ የሰጠው ፍርድ እንከን አልነበረውም።

ክርክሩ አልሳካ ሲል ሮኪች ወደ ማስመሰል ዞረ። ከመካከላቸው አንዱ የሌለች ሚስት አለችኝ ይል ስለነበር በእሷ ስም ደብዳቤ ይጽፍለት ጀመር። ታማሚው ለጊዜው ተቀበላቸው፤ ደብዳቤዎቹ አመለካከቱን እንዲለውጥ መጠየቅ ሲጀምሩ ግን ከነጭራሹ ተወ። መጽሐፉ በ1964 ታተመ። ሮኪች ከዓመታት በኋላ በጨመረበት ጽሑፍ፣ በምርምር ስም እንኳ በሰዎቹ ሕይወት ውስጥ እንደ አምላክ የመግባት መብት እንዳልነበረው አምኗል። ሙከራው ዛሬ ቢሆን የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ በየቤቱ፣ ክፋት ሳያስብ፣ እነዚያኑ ሁለት ነገሮች በየተራ ይሞክራል።

የመርዝ ፍርሃት ጥሩ ማሳያ ነው። ልጅ እናቱ የሠራችውን ወጥ አይነካም፤ የሚቀበለው ራሱ የላጠውን ሙዝ፣ የታሸገ ብስኩትና ክዳኑን ራሱ የከፈተውን ውኃ ብቻ ነው። እናት የአገሩን ወግ ትሞክራለች፤ ጠላ ቀጂ በመዳፉ አንጠብጥቦ ቀድሞ እንደሚቀምሰው፣ ከዚያው ሳህን ጎርሳ ታሳየዋለች፣ በማርያም ትምላለች። ለልጁ የታየው ግን ሌላ ነው፦ ማርከሻውን ቀድማ ጠጥታለች፣ ወይም መርዙ ያለው በእሱ በኩል ነው። በማግስቱ መሐላዋም ማስረጃ ይሆንባታል፤ "ካልመረዘችኝ ለምን ይህን ያህል ትምላለች?" ሲደክማት ደግሞ "እሺ፣ እኔ ሳልሆን ያቺ ጎረቤት ትሆናለች" ብትል ለጊዜው ትተነፍሳለች። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስክር አግኝቷል፤ የጎረቤቷን በር ያንኳኳ ዕለት ደግሞ ምስክሩ እናቱ ናት።

ከሁለቱ የሚለየው መንገድ ስለ መርዙ ባጭሩ፣ ስለ ፍርሃቱ በሰፊው መናገር ነው። "ልጄ፣ እኔ መርዝ የሚባል አላየሁም። አንተ ግን ፈርተሃል፣ ርቦሃልም። እየፈሩ መብላት ይከብዳል።" ይህ ውሸት የለበትም፤ ክርክርም አይከፍትም። ቀጥሎ የሚመጣው ተግባራዊ ጥያቄ ነው፦ "ታዲያ ዛሬ ምን ቢሆን ትበላለህ?" እንቁላል ራሱ ይጠብስ፣ ዳቦውን ራሱ ይግዛ። አልዳነም፤ ግን በልቷል፣ ከእናቱም ጋር መነጋገሩን አልተወም። ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም፤ ወደ ሐኪም የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በዚያ ንግግር ነውና።

ታማሚው አፍጥጦ "ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?" ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል። ዣቪየር አማዶር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ወንድሙ ስኪዞፍሬኒያ (እንዲህ ያለ እምነት የሚያስከትል የአእምሮ ሕመም) ስለነበረበት ጥያቄውን ከቤቱ የሚያውቀው፣ መልሱን በተቻለ መጠን ማዘግየት፣ ማምለጫ ሲጠፋም በትሕትና እውነቱን መናገር ይሻላል ይላል። "እንደዚያ አይታየኝም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ከአንተ ጋር መጣላት አልፈልግም።" የአማዶር መነሻ ታማሚው ሕመሙን የማያየው በግትርነት አለመሆኑ ነው። ዮሴፍ ባቢንስኪ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1914 ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ሳለ ሽባነታቸውን የማያውቁ ሰዎችን ገልጾ ነበር፤ በስኪዞፍሬኒያም ራስን የማየት አቅም በተመሳሳይ ሁኔታ ሊጎዳ እንደሚችል ይታሰባል። ስለዚህ "መታመምህን እመን" የሚለው ልመና ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። "እንቅልፍ ካጣህ ሰነበትህ፤ ስለ እንቅልፉ እንኳ ሐኪም እናማክር" የሚለው ግን ይሰማል፤ እንቅልፍ ማጣቱን ታማሚውም አይክደውም።

የቤት ውስጥ ጥቃቅን ልማዶች ከቃል በላይ ይናገራሉ። ተጠራጣሪ ሰው ባለበት ማንሾካሾክ፣ ስልክ ይዞ ወደ ጓዳ መግባት፣ እሱ ሲገባ ወሬ ማቋረጥ፣ መሳቅ፣ ሁሉም ለጥርጣሬው ቀለብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ክኒን ፈጭቶ በምግብ መደበቅ ነው። ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው አማራጭ ሲያጣ ነው፤ ነገር ግን ታማሚው አንድ ቀን መራራውን ከቀመሰ፣ በምግቤ ውስጥ አንዳች ነገር ይጨምሩብኛል ማለቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እምነቱን ማን ሊያስተባብል ነው? ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያስቸግረው፣ በየጥቂት ሳምንቱ የሚወሰድ መርፌ መኖሩን ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል።

አንዳንዱ እምነት የእውነት ፍሬ በውስጡ አለው። ከዓረብ አገር የተመለሰች የቤት ሠራተኛ ቀድሞ አሠሪዋ አሁንም አዲስ አበባ ድረስ በካሜራ እንደሚያያት ብታምን፣ ካሜራው እዚህ የለም። እዚያ ግን ፓስፖርቷ ተወስዶ፣ በር ተቆልፎባት፣ ሳሎኑም ኩሽናውም ካሜራ የነበረበት ቤት ኖራ ሊሆን ይችላል። "ይሄ ሁሉ በጭንቅላትሽ የፈጠርሽው ነው" ማለት የደረሰባትንም አብሮ መካድ ነው። እምነቱ መቼ እንደጀመረና ያኔ ምን ደርሶባት እንደነበር በእርጋታ መጠየቅ፣ ስለ ካሜራው ምንም ሳይወሰን፣ ብዙ ነገር ያሳያል።

የምትወደውን ሰው "መልኩን የወሰደ ሌላ ነው" ማለትም የታወቀ ሕመም ነው። ፈረንሳዊው ዮሴፍ ካፕግራ ከባልደረባው ጋር በ1923 የገለጸው ሲሆን፣ በመርሳት በሽታ በተያዙ አረጋውያን ላይም ይታያል። ኤሊስና ያንግ በ1990 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት አንጎል ፊቱን ይለያል፣ ከፊቱ ጋር አብሮ መምጣት ያለበት የመቅረብ ስሜት ግን ይጠፋል። ስሜቱ የሚጠፋው አንዳንዴ በዓይን መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ልጅ ወደ እናቷ ክፍል ከመግባቷ በፊት ከደጅ "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ" ብላ ድምፅዋን ብታሰማ ሊረዳ ይችላል። "እንዴት ልጅሽን አታውቂም?" ብሎ ማልቀስ ግን ሁለቱንም ያቆስላል።

የቅናት እምነት ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል፤ አደጋው የሚያርፈው በአንድ በታወቀ ሰው ላይ ነው፣ በአብዛኛውም በሚስት ላይ። ከመጠጥ ጋር አብሮ የሚመጣበት ጊዜም ብዙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትመረመር ያደረች ሴት "እሺ፣ አድርጌያለሁ፣ ይቅር በለኝ" ብትል ምርመራው የሚያልቅ ይመስላታል። እንዲህ ያለው የሐሰት ኑዛዜ ከሁሉም ምላሽ አደገኛው ነው፤ ጥርጣሬውን ወደ ፍርድ ያሸጋግረዋል። ማስፈራራት፣ መከታተልና መማታት ከታየ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሷና ለልጆቿ ደኅንነት እንጂ ለእሱ እምነት ሕክምና አይደለም። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅም እዚህ ላይ ቦታው አይደለም።

የኦሲዲ ታማሚ ቤተሰብ የሚሳሳተው በደግነት ነው። ሚስት ከተኙ በኋላ "ሲሊንደሩን ዘግተኸዋል?" ትላለች። "አዎ።" ከአምስት ደቂቃ በኋላ "እርግጠኛ ነህ?" ባል ተነሥቶ አይቶ ይመለሳል። "ስትመለስ እጅህ ነክቶት ቢሆንስ?" ውሎ አድሮ ባል ሲሊንደሩን በስልኩ ፎቶ ማንሣት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ፎቶው የትናንት እንዳይሆን ሰዓቱ የሚታይበት ቪዲዮ ይጠየቃል። እያንዳንዱ "አዎ" ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋታል፤ በዚያው ልክ አንጎሏ ዕረፍት የሚገኘው በመጠየቅ እንደሆነ ይማራል። ከእውነታ የተፋታውን እምነት ክርክር እንደሚያጠነክረው፣ የኦሲዲን ጥርጣሬ ማጽናናት ያጠነክረዋል።

በኢትዮጵያ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሚታወሰውን የኢየሱሳውያን ማኅበር የመሠረተው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይህን ራሱ ቀምሶታል። በ1522 ማንሬሳ በተባለች የስፔን ከተማ ሳለ፣ ቀደም ብሎ ሙሉ ኑዛዜ ፈጽሞ የነበረ ቢሆንም፣ ያልተናገርሁት ኀጢአት ይኖር ይሆን የሚል ሐሳብ ያዘው። እየደጋገመ ተናዘዘ፤ ዕረፍት አጣ፤ ራሱን ለማጥፋት እስከ መፈተን ደረሰ። የንስሐ አባቱ ያለፈውን፣ በጣም ግልጽ የሆነ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ደግሞ እንዳይናዘዝ አዘዘው። ለኢግናጥዮስ ግን ሁሉም በጣም ግልጽ ነበርና ትእዛዙ አልረዳውም። ለጥርጣሬ ትንሽ ቀዳዳ የተወ መመሪያ ለኦሲዲ መመሪያ አይደለም። የእስልምና ሊቃውንት ውዱኡ (ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ) ተበላሸብኝ እያለ ደጋግሞ ለሚታጠብ ሰው ወስዋሱን ችላ በል፣ አትደግም የሚሉት ከዚህ ይጠነክራል። ለዘመናዊው ሕክምናም ይቀርባል።

የዚያ ሕክምና መሠረት በ1966 ቪክቶር ሜየር ለንደን ውስጥ የሞከረው ዘዴ ነው፤ ታማሚው የሚፈራውን ነገር ይጋፈጣል፣ የማረጋገጫውን ድርጊት ግን አይፈጽምም። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ማንም ሳያባብለው ራሱ ይወርዳል። ሕክምናው በባለሙያ ቢመራ ይመረጣል፤ ቤተሰብ ግን ድርሻ አለው። ባልና ሚስቱ ጭንቀቱ በሌለበት ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ ይስማማሉ፦ ሲሊንደሩ ማታ አንድ ጊዜ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ መልሱ "ይህን የሚጠይቀው ሕመሙ ነው፤ አልመልስም፣ እኔ ግን እዚሁ አጠገብሽ ነኝ" የሚል ይሆናል። ስምምነቱ የእሷም መሆን አለበት። ባል አንድ ሌሊት ተበሳጭቶ "በቃ፣ አልመልስም!" ቢል ሕክምና አይሆንም፤ ቁጣ ብቻ ነው። በየሳምንቱ እየመጡ ያንኑ ኀጢአት ለሚናዘዙም የንስሐ አባት ተመሳሳይ ውለታ ሊውሉ ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ ሰምተው፣ ሁለተኛውን በፍቅር እምቢ በማለት።

የቤት አየር ራሱ ለሕመሙ ማገርሸት ድርሻ እንዳለው ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ በ1972 ለንደን ውስጥ አሳይተዋል። ከሆስፒታል የወጡ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎችን ለዘጠኝ ወር ሲከታተሉ፣ ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ ወደሞላበት ቤት ከተመለሱት 58 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ ረጋ ወዳለ ቤት ከተመለሱት ያገረሸባቸው 16 በመቶው ነበሩ። ቤተሰብ ሕመሙን ያመጣዋል ማለት አይደለም። ልብ የሚባለው መንሰፍሰፉም ከነቀፋው ጋር መቆጠሩ ነው፤ "ልጄ ከዓይኔ ተለይቶ አይሂድ" የምትል እናት በራሷም በልጇም ላይ ጫና ታበዛለች። በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት መለያየት፣ ዘመድ በተራ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ አንድ ሰው ብቻ እንዳይሸከመው ማከፋፈል የሚመከረው ለዚህ ነው።

ጠበልና መድኃኒት አንዱ የሌላው ጠላት ሆነው መቅረብ አይገባቸውም። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግን ሰው መከልከል ክርክሩን በሌላ በር ማስገባት ነው፤ ጠበሉን እየተጠመቀ ክኒኑን ሊውጥ ይችላል። መታሰብ ያለበት በጾምና በጥምቀት ሰዓት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው። ማሰር ግን ሌላ ነው። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቤተሰብ በሰንሰለት የሚያስረው ብዙውን ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ሕክምና ከማጣት ነው፤ የታሰረው ሰው ግን ያሳድዱኛል ሲል የነበረውን በገዛ እግሩ ላይ ያየዋል።

ጊዜ የማይሰጡ ሁኔታዎች አሉ። "ግደል" ወይም "ሙት" የሚል ድምፅ መስማት፣ ከሰዎች ለመከላከል መሣሪያ መያዝ፣ መብልና መጠጥ ጨርሶ መተው፣ ራስን ስለ ማጥፋት መናገር። ስለ መሞት ሐሳብ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። በአረጋዊ ሰው ላይ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቀባዠር፣ ወይም ትኩሳት ያለበት ማንኛውም ሰው የሚያሳየው መዘባረቅ፣ መጀመሪያ የአካል ሕመም እንደሆነ ተቆጥሮ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ የአንጎል ወባ፣ ማጅራት ገትርና ሌላም ኢንፌክሽን እንዲህ ያደርጋሉ። የአራስ ሴት ጉዳይ ደግሞ ሁለቱን የሕመም ዓይነቶች መለየት ይጠይቃል። ልጄን ብወጋውስ በሚል ሐሳብ የተሸበረች፣ ቢላ የምትደብቅ፣ ስለ ሐሳቧ የምታፍር እናት አብዛኛውን ጊዜ ኦሲዲ ያለባት ናት፤ ሐሳቡ ፍላጎቷ አይደለም፣ ሕፃኑን ከእሷ መንጠቅም ሽብሯን ያባብሰዋል። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ያጣች፣ ሕፃኑ የእኔ አይደለም ወይም ርኩስ መንፈስ ነው የምትል፣ በዚህም ያልተሸበረች እናት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ እሷም ሕፃኑም ለብቻቸው አይተዉም።

ሕክምና ሲሠራ እምነቱ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። በቅድሚያ የሚቀንሰው ጭንቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ጉዳዩ ማሰቡ፤ እርግጠኝነቱ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይላላል። "አሁንም እንደዚያ ይመስለኛል፣ ብዙ ግን አላስብበትም" የሚል ሰው እየዳነ ነው። "ተሳስቼ ነበር በል" ብሎ መወትወት ከዚህ የተሻለ ነገር አያስገኝም፤ የሆነውን ሁሉ በግልጽ ማየት የጀመረ ሰው ደግሞ በኀፍረትና በድባቴ ሊያዝ ስለሚችል ያ ወቅት በተለይ ክትትል ይፈልጋል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ደኅና የሆነ ሲመስለው ነው። ስለ ማገርሸት የሚነጋገሩትም በዚሁ የደኅንነት ወቅት ነው፦ ባለፈው ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ምን ተበላሸ? እንቅልፉ ነው? ስልክ አለማንሣቱ? ጫት መጨመሩ? ምልክቱ ዳግም ሲታይ ለማን ይደወላል፣ ወደ የትኛው ሐኪም ይኬዳል፣ ገንዘቡንና ስልኩን ማን ይይዛል የሚለውን ታማሚው ራሱ ይወስናል፤ ተጽፎም አንዱ ቅጂ በእጁ ይቀመጣል።